ቀዩ ሞተርና የኢስማኤል ዝምታ

የእህቴ ልጅ ማራኪ ስትዋሽ አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ ይላል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲያ ናት። ያን ቅዳሜ ኦ ቪቭ የሚባለው ሰፈር አባቷ ቤት በር ላይ መኪናዬን አቁሜ ስጠብቃት፣ የማለዳው ብርድ ገና ሳይለቅ፣ አፍንጫዋ ርሶ ወጣች።

«ምን ደብቀሻል?» አልኳት።

«ምንም! አክስቴ ደግሞ!»

«ምንም ከሆነ ጥሩ። እኔ ሹፌር ነኝ፣ አያገባኝም።»

እውነትም ሹፌር ነኝ። ትርፍነሽ እባላለሁ፤ ቶኔ የሚባል ሰፈር ላለ ልብስ ማጠቢያ ቤት የየሆቴሉን አንሶላ በትልቅ መኪና እያመላለስኩ ነው ጄኔቭ ላይ የምኖረው። ቅዳሜ መኪናዋ ሥራ ስለማይኖራት አለቃዬን ለምኜ ይዣት መጣሁ። የምንጭነው የማራኪን አባት ሞተር ሳይክል ነው፤ የምንወስደው ደግሞ ዙሪክ።

ስለ ሞተሩ ልንገራችሁ። ታላቅ እህቴ ዘነበወርቅ፣ የማራኪ እናት፣ ካረፈች በኋላ ባሏ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሰው መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሚስቱ ስትሞትበት አንዱ መጠጥ ይይዛል፣ አንዱ ሌላ ያገባል፤ የኛው ሰው ግን በዕድሜ ከሱ ብዙም የማያንስ ቀይ ሞተር ገዛ። ዕድሜውን ሙሉ በዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት በክራቫት ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ኦኔ ሰፈር አዳራሽ ተከራይታ በምትሰበሰበው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆነ ሰው፣ በስተርጅና የቆዳ ጃኬት ለብሶ ሲመጣ በሳቅ ሞትን። በኋላ ግን ነፍስ የዘራው በዚያው ሞተር ነው። እሱን ሲወለውል ነው ፊቱ የሚፈታው። ስለዚህ ሳቁን ተውነው።

እዚህ አገር አሮጌ ሞተርን መንግሥት በየጊዜው ይመረምራል፤ የሱ ተራ ገና ሩቅ ነበር። ዙሪክ የምንሄድበት ጋራዥ የሚያደርገው ሌላ ነው፤ በውዴታ የሚደረግ ምርመራ ነው። የአሮጌ ሞተር ወዳጆች በየጸደዩ እዚያ ይሰበሰባሉ። ማንም አያስገድድም፣ ማንም ታርጋ አይፈታም፣ ለየትኛውም ቢሮ አይነገርም። ባለ ሞተሩና መርማሪው ጎን ለጎን ሆነው ሞተሩን ይዞሩታል፤ መርማሪው ያየውን በአፉ ይናገራል፤ አለቀ። የሰማ ሰማ፤ ያልሰማም መንገዱ የራሱ ነው።

«ግዴታ ካልሆነ ምን አስኬደኝ?» ብሎ ነበር ጋሽ ሀብቴ።

«ለኔ ስትል አባዬ» አለችው ማራኪ። ለሷ ሲል የማያደርገው ነገር የለም፤ እሺ አለ።

ሎዛን አልፈን ነዳጅ ስንቀዳ፣ አባቷ ጋዜጣ ሊገዛ ሲገባ ጠብቃ እጄን ያዘችኝ። «አክስቴ፣ ሰው አለኝ» አለች። «ስሙ ኢስማኤል ነው። ዛሬ የአባዬን ሞተር የሚመረምረው እሱ ነው።»

ኢስማኤል! የደሴ ልጅ ነው አለችኝ። ገና ጢም ሳያበቅል ባሕር አቋርጦ የመጣ፣ ዙሪክ ላይ ሌሬውን፣ የሙያ ትምህርቱን ማለት ነው፣ በሞተር ጥገና የጨረሰ። የመኖሪያ ወረቀቱ እስካሁን ኤፍ የሚሉት፣ ዛሬ አለ ነገ የለም የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ዓመት ተዋደዋል። እሷ አረጋውያን ቤት ነርስ ናት፤ ቅዳሜ «ተረኛ ነኝ» እያለች በባቡር የምትሄደው ለካ ወደሱ ኖሯል። ተረኛ ስትሆን ምሳ ቋጥሬ የላክሁላት እኔ ሞኟ!

«የክርስቲያን ሽማግሌ ልጅ ነሽ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሰውየውን ይውደደው ያልኩት። ስሙን በኋላ ይሰማል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ የሚከራከረውን ሰው አይወድም፤ ታውቂው የለ። ኢስማኤልን 'ምን ቢልህ እሺ ጋሼ በል፣ አንገትህን ድፋ' ብዬዋለሁ።»

 ጋሽ ሀብቴ ጋዜጣውን ይዞ ሲመጣ አይተን ወሬውን ቆረጥን።

ጋራዡ የባቡር ድልድይ ሥር ነው። ግቢው በአሮጌ ሞተርና በሽበታም ሰው ተሞልቷል። ኢስማኤልን ማንም ሳያሳየኝ ለየሁት፤ ከግቢው ሰው ሁሉ ማራኪን ላለማየት የሚታገለው እሱ ብቻ ነበር። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ልጅ። እሷም የመኪናዬን ጎማ እያየች ነው የምታወራኝ። አይ እናንተ! እንዲህ ተጠንቅቃችሁ ካልተያያችሁ ዕውርም ይነቃባችኋል አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ሀብቴ ግን የአገሩን ልጅ በማግኘቱ ደስ ብሎታል። «የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የደሴ ነኝ ጋሼ።»

«እዚህም ደረሳችሁ! በል እስቲ እየው፣ ጎበዝ።»

ስሙን አልጠየቀውም። ማራኪ ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ።

ልጁ ሥራ ሲጀምር እፍረቱ ጠፋ። ፍሬኑን ጨበጠ፣ ጎማውን አሽከረከረ፣ መብራቱን አየ፣ ካንዴላውን ፈትቶ አገላበጠ። ከዚያ የፊት ጎማውን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሪውን ግራና ቀኝ አወዛወዘው። ቆም አለ። ደግሞ አወዛወዘው። ባትሪ አብርቶ፣ መሪው ከሞተሩ አጽም፣ ከቴላዮው ጋር የሚገናኝበት፣ እነሱ አንገት የሚሉት ቦታ ላይ ተደፋ። በጨርቅ ጠረገው። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

ቀና ሲል መጀመሪያ ያየው ማራኪን ነው። እንዲያ ያለ አስተያየት አይቼ አላውቅም። እሷ ፈገግ አለችለት፤ አባቷን የፈራ መስሏት አይዞህ ማለቷ ነው። እኔም ያው መሰለኝ፤ ምን አውቄ።

«እህስ፣ ዶክተር?» አለ ጋሽ ሀብቴ ጮክ ብሎ። ከጄኔቭ የመጡት የሞተር ጓደኞቹ ከበውታል።

ኢስማኤል አንገቱን ደፋ። «ቆንጆ ሞተር ነው ጋሼ። አያያዝዎ በጣም ጥሩ ነው። እዚህ አንገቱ ላይ፣ ብየዳው ጋ፣ ትንሽ ነገር አለች። ሲመችዎ ብናያት ጥሩ ነበር።»

«ዕድሜ ነዋ! እኔንም አንገቴን ያመኛል!» ብሎ ጋሽ ሀብቴ ሳቀ። ለጓደኞቹም በፈረንሳይኛ ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ።

ኢስማኤል ሊናገር አፉን ከፈተ። ማራኪን አየ። «እሺ ጋሼ» አለና አብሮ ሳቀ።

ጋሽ ሀብቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ጨዋ ልጅ!» አለን ወደኛ ዞሮ። «ዛሬ እንዲህ ያለ ጨዋ የት ይገኛል?»

ማራኪ ይህን ስትሰማ ሮጣ መኪናው ውስጥ ገባች። ተከትያት ስገባ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች። «ወደደው አክስቴ! አባዬ ወደደው!» አቀፍኳት። እኔም፣ ልዋሽ እንዴ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ነገሩ የተበላሸው ከምሳ በኋላ ነው። ጋሽ ሀብቴ ቋሊማውን በልቶ፣ ሙገሳውን ጠግቦ፣ የራስ ቁሩን ይዞ መጣ።

«የምን መጫን ነው? ተመርምሮ አለፈ አይደል? እየነዳሁ እገባለሁ፤ እናንተ ከኋላዬ ተከተሉ።»

በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። «ደመናውን አታይም? ጭነነው እንሂድ ጋሽ ሀብቴ» አልኩት።

«አንቺ አንሶላሽን ጫኚ!»

ማራኪ ኢስማኤልን በዓይኗ ፈለገችው። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሞተር ሥር ተጋድሞ እግሩ ብቻ ይታያል። አባቷ ሞተሩን አስነሥቶ ከጓደኞቹ ጋር ከግቢው ወጣ። እሷ ዞር ዞር እያለች እነዚያን እግሮች እያየች መኪናው ውስጥ ገባች፤ ሆዷ እዚያው እንደቀረ ያስታውቃል።

በርን ከተማ ላይ ጓደኞቹ እጃቸውን አውለብልበው ወደ አውራ ጎዳናው ገቡ። እሱ የገጠሩን መንገድ መረጠ። ብቻውን ፊታችን ይሄዳል፤ ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ ዕድሜው ወርዶለታል። ማራኪ ፎቶ ላንሣው ብላ ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች። አባቷ ጠዋት አጠገቧ ስለነበር፣ የኢስማኤል ስልክ ቢመጣ እንዳይሰማ ድምፁን አጥፍታው ነበር።

«አክስቴ፣ ስንት ጊዜ ደውሏል!» አለች። እጇ ላይ እንዳለ ደግሞ በራ። ከፍታ አስደመጠችኝ።

«ጭናችሁታል አይደል?» አለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «ማራኪ፣ በመኪና ጭነነዋል በይኝ።»

«አልጫንነውም፤ አባዬ እየነዳ ነው። ፊታችን ነው። ምነው?»

ከድምፁ ኋላ የሞተር ጩኸት ይሰማል። 

«አስቁሚው» አለ። «አንገቱ ተሰንጥቋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲይዝ ሊገነጠል ይችላል። አስቁሚው የኔ እናት! በመኪና ስላመጣችሁት በመኪና የምትመልሱት መስሎኝ ነው። ማታ ደውዬ ልነግርሽ ነበር፣ ሰው ፊት ላላዋርዳቸው ብዬ... ወጥቼ ሳይ ሞተሩ የለም። የአለቃዬን ሞተር ይዤ ከኋላችሁ ነኝ፣ በርን አልፌያለሁ። በአላህ አስቁሚው!»

መብራቱን ደጋግሜ አበራሁ፤ ክላክሱን ተጫንኩት። ጋሽ ሀብቴ የደስታ መሰለው መሰለኝ፣ ግራ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ አውለበለበልንና ፍጥነት ጨመረ። መሪውን ባንድ እጁ ብቻ ይዞ! ማራኪ መስኮቱን ከፍታ «አባዬ!» ብላ ጮኸች። በዚያ ነፋስ ማን ይሰማታል?

ያን መንገድ አውቀዋለሁ። አንድ ዳገት አለ፤ ዳገቱ ሲያልቅ ወደ ቬቬ፣ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቁልቁለት ይጀምራል፤ በወይን ማሳ መሐል እየተጠማዘዘ የሚወርድ። ዝናቡ ጀመረ። ማራኪ «ኢየሱስ፣ ኢየሱስ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም። እኔ ደግሞ ዓይኔን ከዚያ የፊት ጎማ መንቀል አቃተኝ። ጉድጓድ ሲያገኘው ልቤ ትዘላለች፤ ሲያልፈው ትመለሳለች።

ዳገቱ ላይ አሮጌው ሞተር ማቃሰት ሲጀምር ደረስኩበት። ከፊት የሚመጣ ይኑር አይኑር ሳላጣራ አለፍኩት። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ስደርስ መኪናዋን መንገዱ ላይ አግድሜ አቆምኳትና ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎማ ሲንሸራተት ተሰማኝ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ስድብ መጣ። ተመስገን አልኩ፤ የሚሳደብ ሰው በሕይወት አለ ማለት ነው።

«አብደሻል ትርፍነሽ? ልትገድይኝ ነው?»

ማራኪ ዘላ ወርዳ ክንዱን ያዘችው። «ውረድ አባዬ፣ በእናቴ አጥንት ውረድ! አንገቱ ተሰንጥቋል!»

«ጭረት ነው! ልጁ አላየውም እንዴ?» ወረደና በንዴት መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ቀው የሚል ድምፅ ወጣ። ሦስታችንም ሰማነው። ጋሽ ሀብቴ ጎንበስ ብሎ አየ፤ የአውራ ጣቱን ጥፍር ስንጥቁ ላይ አደረገ። ጥፍሩ ገባ። ቁልቁለቱን አየው። ከዚያ ሄዶ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ማን ነገረሽ?» አላት ማራኪን።

«ጠዋት የመረመረልህ ልጅ። ደወለልኝ።»

«ስልክሽን ከየት አገኘው?»

ወይ ጉድ! ማራኪ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ጋሽ ሀብቴ ደግሞ ሞኝ አይደለም። «ለኔ ስትል» መባሉን፣ ተረኛ ነኝ የተባለባቸውን ቅዳሜዎች፣ ጠዋት ሮጣ መኪናው ውስጥ መግባቷን ሁሉ አንድ በአንድ ሲገጣጥመው ፊቱ ላይ ይታየኛል። ያሳደጋትን ሕፃን ድንገት ያጣ ያህል ነው ያያት።

ኢስማኤል የደረሰው ያን ጊዜ ነው። በዝናብ ርሶ፣ የያዘውን ሞተር በቅጡ እንኳ ሳያቆመው ወረደ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ በሕይወት ተቀምጦ ሲያየው አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። «አልሐምዱሊላህ» አለ። ደጋግሞ አለው።

«ስምህ ማን ነው?» አለ ጋሽ ሀብቴ።

«ኢስማኤል።»

«ጠዋት ይህን አይተኸው ነበር?»

«አዎ ጋሼ።»

«አይተህ፣ እኔ ስስቅ አብረኸኝ ሳቅህ?»

«አዎ... ጋሼ።»

«ጋሼ አትበለኝ!» ተነሥቶ ቆመ። «ሃይማኖትህን የሰጠህ ፈጣሪ ያውቃል። ወረቀትም ባይኖርህ፣ እኔም ስመጣ አልነበረኝም። በዚህ በዚህ ብንከራከር ምናልባት ትረታኝ ነበር። አንተ ግን ከሞቴ ይልቅ ፊቴን ፈራህ! ነገ ልጄ ብትታመም ሐኪሙን ላላስቀይም ብለህ ዝም ልትል ነው? እንዲህ ላለ ሰው ልጅ አልሰጥም።»

 ኢስማኤል «እሺ በል ያለችኝ ልጅዎ ናት» ሊል ይችል ነበር። አላለም። እኔ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው፤ የተናደድኩበትም ያን ጊዜ ነው። ኧረ ተናገር፣ አንተ ልጅ!

የተናገረችው ማራኪ ናት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ። እሺ ጋሼ በል፣ አትከራከር ያልኩት እኔ ነኝ። ላንተ እውነት መንገር ምን ያህል እንደሚያስፈራ የማውቀው እኔ ነኛ! እማዬ እንኳ ልትሞት ስትል 'ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ አይችለውም' ነው ያለችኝ። እሱ አንድ ቀን ፈራህ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራህ ኖርኩ፤ እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?»

ጋሽ ሀብቴ እህቴ እንዲያ ማለቷን አያውቅም ነበር። እኔም አላውቅም ነበር። ፊቱ ሲወድቅ አየሁት፤ ጠዋት ጎረምሳ የመሰለው ሰው ባንዴ አረጀ። ሄጄ ላቅፈው ፈለግሁና አልደፈርኩም።

«ሞተሩን ጫኑት» አለ።

እኔና ኢስማኤል ጫንነው። ልጁ ሲያስረው እንኳ አንገቱን የሚነካው በፍርሃት ነው። ጋሽ ሀብቴ ገብቶ ተቀመጠ። በሩ ክፍት ነው።

«ማራኪ፣ ግቢ።»

«አልገባም አባዬ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ለብቻው አሸክሜው አልሄድም።»

ኢስማኤል ደነገጠ። «ሂጂ ማራኪዬ፣ ከአባትሽ ጋር ሂጂ» አላት ቀስ ብሎ።

«አሁንም እሺ ጋሼ ልትል ነው?» አለችው። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ይወርዳል። «እኔን ሂጂ የምትለኝ ስለምትፈልግ ነው ወይስ ስለፈራህ? እውነቱን ንገረኝ!»

አያት። ከዚያ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሽ ሀብቴን ዓይን ዓይኑን አየ። «አትሄድም» አለው። ዓይኑን አልሰበረም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። እወዳታለሁ። ካልፈለገች አትሄድም።»

ጋሽ ሀብቴ ለረጅም ጊዜ አየው። ይመታዋል ብዬ ነበር። በሩን ሳበና ዘጋው።

«ንጂ» አለኝ።

መኪናዋን አስነሣሁ። ማራኪ እጇን አላውለበለበችም። ኢስማኤል አጠገቧ ቆሟል፣ አልነካትም፤ ብቻ በነፋሱ በኩል ሆኖ ከልሏታል። ልቤ ሁለት ቦታ ተቀደደ። የእህቴን ልጅ መንገድ ላይ ትቼ ስሄድ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አቁሚ በለኝ፣ ተመለሽ በለኝ እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። እሱ ፊት ለፊት እያየ ነው። ዝናቡ በረታ። ሐይቁ ከታች ጠቁሮ ይታያል።

«ብርድ ነው» አለ በመጨረሻ፣ በማላውቀው ቀጭን ድምፅ። «ጃኬቷን ይዛለች?»

«ይዛለች» አልኩት።

ጃኬቷ በኔና በሱ መካከል፣ እሷ የነበረችበት ወንበር ላይ ነበር። ሁለታችንም አየነው። ቁልቁለቱን ወረድን።